ግራው ለሐሙስ

ያ ሰኞ ተራ ቀን ነበር። አሁን ስጽፈው ትልቅ ቀን እንዲመስል አልፈልግም፤ አልነበረምና። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ብርድ ነበረች። እህቴ ከምትሠራበት ፋብሪካ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች። እኔ ጥርሴን ልታጠብ ነው። ይኸው ነው።

ጥርስ መታጠብ ሲባል ሰው ብሩሽና ሳሙና ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ይኼኛው ሌላ ነው፤ ከድድ ሥር ተገብቶ የሚታጠበው ነው። ምን እንደሚጠብቀኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው እየነገርኩ ልጻፍ። ስለ እህቴ ብቻ ልጻፍ ብል እጄ ይቆማል። በጥርሱ በኩል ሲሆን ትንሽ ይሄድልኛል።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። ከሞላሌ አጠገብ ካለው መንደራችን ወጥታ ደብረ ብርሃን ሥራ ከያዘች ዓመታት አልፈው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ደብተሬንም ጫማዬንም የምትልከው እሷ ነበረች።

ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። የማያውቃት ሰው ጨዋነት ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን የፊት ጥርሶቿ ገና በወጣትነቷ መርገፋቸው ነው። ልጅ ሳለች ድዷ ይደማ ነበር። ሞላሌ ገበያ አንዲት ነቃሽ ዘንድ ወስደው ድዷን አስነቀሷት። በእኛ አገር ለሚደማ ድድ መድኃኒቱ ንቅሳት ነው ይባላል፤ ለቁንጅናም ይሆናል። ድዷ ጠቆረ፤ እውነቱን ለመናገር ያምርባት ነበር። ደሙም ጋብ ያለ መሰለ። ጥርሱ ግን ከሥር እየላላ ቆይቶ አንድ በአንድ ወጣ። እናታችንም እንደዚሁ ነበሩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ያወቀው የወይራ መፋቂያዬ ነው። ጫፉ ቀልቶ ይወጣል። ቆይቶ በግራ በኩል ከታች ያለች አንዲት ጥርስ በምላሴ ስገፋት መነቃነቅ ጀመረች። ለማንም አልነገርኩም። ለፋሲካ እህቴ አገር ቤት መጥታ፣ ቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም፣ ፊቴን ማጨማደዴን አየች።

«ክፈት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አፍህን ነዋ! በሩንማ ከፍተኸው ብርዱ እየፈጀን ነው።»

ከፈትኩ። ያቺን ጥርስ በጣቷ ነካ አደረገቻት። ጥርሴ ተነቃነቀች። እህቴ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

«ይኼ የእኔ መንገድ ነው» አለች። «አንተ በዚህ አትሄድም። ሐኪም ዘንድ እወስድሃለሁ።»

አባታችን ግንበኛ ናቸው። በእኛ አገር ቤቱም አጥሩም ድንጋይ ነው፤ በአካባቢያችን የእሳቸው እጅ ያልነካው ግድግዳ ጥቂት ነው። ወሬያችንን ከመደቡ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«ሐኪም ምን ያደርግለታል?» አሉ።

«ጥርሱ ላይ የተጋገረውን ይፍቅለታል፣ አባባ።»

«እንዴ! እሱን ከፋቁትማ ጥርሱን ምን ሊይዘው ነው? ጭቃውን ከግድግዳው ካወጣሽው ድንጋዩ ይወርዳል። አጣብቆ የያዘለት እሱ ነው።»

ይህ የአባታችን ሐሳብ ብቻ አይደለም። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቢጫ ነገር እንደ ጭቃ ሆኖ ጥርስን ይይዛል ብሎ የሚያምነው በእኛ ዘንድ ብዙ ነው። ታጥቦ ጥርሱ ስለረገፈ ሰው ሁልጊዜ ይወራል። ያ ሰው የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም።

እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች። «አባባ፣ የእኔን ጭቃ ማን ነካው? ከነጭቃው አይደል እንዴ የወረደው?»

አባታችን «አንቺማ ምላስሽ ተርፎልሻል» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለስለስ ብሎ ይናገራል። ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፤ መብራቱ ዓይን ላይ ነው። በመጀመሪያ ቀጭን ብረት በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ከድዴ ሥር እያስገባ ጥልቀቱን ለካ። እሱ ቁጥር ይጠራል፣ ረዳቱ ትጽፋለች። ትልቅ ቁጥር ሲጠራ ጥሩ ነገር አለመሆኑን ከድምፁ አወቅሁ። በግራ በኩል ትልልቁ በዛ።

እህቴ ጥግ ካለች ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። በአባታችን ላይ ስትስቅ የነበረችው እህቴ፣ እዚያ ስትደርስ የራሳቸውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ሐኪም፣ ይኼ ሲነሳ ጥርሱ አይወርድም?»

«ጥርስን የያዘው አጥንት ነው» አላት። «ይኼ ድዱ ሥር ገብቶ የጠጠረው ቆሻሻ ድዱን ያቆስለዋል፤ አጥንቱም ከጥርሱ እየሸሸ ይሄዳል። ሲነሳ ለጊዜው ጥርሱ መሃል ክፍት የሆነ ይመስለዋል። እብጠቱ ስለሚጎድል ነው። ድዱ እየጠበቀ ይመጣል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ ቀኙን እንሠራለን፣ ላይና ታች። ግራውን ሐሙስ። ሁለቱንም አንዴ ባደነዝዘው በምን ትበላለህ? ግን የባሰው ግራው ነው። ያቺ የምትነቃነቀው ትተርፋለች ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ከቀረህ ግን እንደማትተርፍ ቃል እገባልሃለሁ።»

የማደንዘዣው መርፌ ያማል። አያምም የሚል ይዋሻል። ግን አጭር ነው፤ ዓይን እንባ አቅርሮ ሳይወርድ ያልቃል። ከዚያ ጉንጩ ይወፍራል፤ ከንፈር የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ቀጥሎ ውሃ እየረጨ የሚንጫጫ መሣሪያ ይገባል። እሱ ከሕመሙ ድምፁ ነው የሚከብደው። በኋላ ሐኪሙ ያንን አስቀምጦ በእጁ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ቀጭን ብረት፣ ከድድ ሥር ይፍቃል። ዶማ ጭንጫ ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሕመም የለውም፤ መገፋት ብቻ ነው። ደሙንና ውሃውን ቱቦ እየሳበ ይወስዳል። እጄ የወንበሩን ክንድ ይዞ ነበር፤ እንዲለቅ ብነግረውም አልለቀቀም።

አንዴ ሐኪሙ ፋሻ ላይ የጠረገውን አሳየን። ጠቆር ያለች፣ የገብስ ፍሬ የማታህል ስባሪ ናት። እህቴ ተነሥታ መጥታ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«አባባ ጭቃ የሚሏት ይቺን ነው?» አለች። «ይቺማ ጠላት ናት።»

ሲያልቅ ሐኪሙ መከረኝ። ዛሬ ደም ይኖራል፤ ነገና ከነገ ወዲያም ምራቅ ቀላ ሊል ይችላል። ለብ ባለ ውሃ ጨው እየጨመርክ ተጉመጥመጥ። በታጠበው በኩል ትኩስ ነገር፣ ጠንካራ ነገር፣ ፍሬ ነገር አታኝክ። ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ቀን ጥርስህን ይቆረጥምሃል፣ አትደንግጥ። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ብሩሹን እህቴ እዚያው ሰፈር ገዛችልኝ።

ከዚያ ሻይ ቤት ገባን። ሻዬን እፍ እፍ ብላ አቀዘቀዘችልኝ። ቢሆንም ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎ ሻዩ በአገጬ ወረደ።

«አንተ ልጅ፣ ልሃጭህን እያዝረበረብክ ነው! ሰው ያየናል።»

«እትዬ ተይኝ» ልላት ፈልጌ ምን እንደወጣኝ እንጃ። ሌላ ነገር ነው የወጣው።

«ስማኝ» አለች ሳቋን እየያዘች። «ሐሙስ ፈቃድ ካልሰጡኝ ብቻህን ትሄዳለህ። እትዬ አልመጣችም ብለህ እንዳትቀር።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በአፍህ ተናገር።»

«እፌዳፈው» አልኩ። እሄዳለሁ ማለቴ ነው።

እህቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ አፏን መሸፈን ረሳች። ያ የተነቀሰው ድዷ፣ ጥርስ የሌለበት ቦታ፣ ሁሉም ታየ። በዙሪያችን ያሉት ሰዎችም አብረዋት ሳቁ።

ሰኞ ይኼ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ከቤቷ በር ላይ ዞር ብላ «ጨውህን» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። ጨው ውሃውን ይዤ ደጅ ላይ ስጉመጠመጥ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ እየሮጠች መጣች። መንገድ ስትሻገር ነው። የጭነት መኪና ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም። አፌ ውስጥ ውሃ ነበረ፤ የተፋሁት አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኗን ይዘን በጣርማ በር ወጥተን ወደ አገራችን ገባን። ጉም ነበር። አባታችን መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር። መኪናው ሲቆም ወደ እኔ አልመጡም፤ ወደ እሷ ነው የሄዱት። ልክ ነበሩ።

ረቡዕ ቀብሩ ሆነ። ከሚሸከሟት አንዱ መሆን የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ወንድሟ ነኝ። ግን ምራቄን ስተፋ ቀይ ነው። ሌሊቱንም ጠዋቱንም ስጮህ የቆየሁበት አፍ ነው፤ ጨው ያስታወሰውም የለም። በእኛ ዘንድ ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ልጆች ሳለን ነስር ሲይዘን እንኳ ከቅጽሩ ያስወጡን ነበር። ዝም ብዬ ልግባ አላልኩም። እሷን ይዤ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም። ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው።

«አባ፣ አፌ ይደማል።»

«ምን ነካህ?»

«ሰኞ ጥርሴን ታክሜ ነው። ከእሷ ጋር።»

ፊቴን አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «እንግዲያስ ከደጀ ሰላሙ አትለፍ፣ ልጄ» አሉኝ። «ፍትሐቱ እዚያም ይደርሳል። ለእሷም ለአንተም።»

አንድ ጎረቤታችን በእኔ ቦታ ትከሻውን አስገባ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሰው ሁሉ በአጠገቤ አልፎ ገባ። አንዳንዱ እያየኝ ያልፋል፤ አንዲት ሴት «ወንድሟ አይደል እንዴ? ምን ሆኖ ቀረ?» ስትል ሰማኋት። አፈር ስትገባ አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት። እጄን በቅጽሩ ግንብ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ግንቡን ድሮ የገነቡት አባቴ ናቸው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ጥርሴን ባልነካ ኖሮ እሸከማት ነበር። ሁለተኛ ወደዚያ ክሊኒክ አልሄድም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ነገሩን ገለበጥኩት። ከእህቴ ቀብር ያስቀረኝን ነገር በግማሽ ብተወው፣ በዚህ በር ላይ መቅረቴ ለምን ሆነ? ለግማሽ አፍ? በልቅሶው መሃል ቀኑን ማስላት ጀመርኩ። ረቡዕ ነው። ነገ ሐሙስ ነው። እዚያው በር ላይ ወሰንኩ። ከዚያ በኋላ ልቤ አልተወዛወዘም፤ ይህን በኩራት አይደለም የምጽፈው፤ የምይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዞረ። አክስታችን እፍኝ ሙሉ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«ብላ፣ ለነፍሷ ነው።»

የሐዘን ንፍሮ እምቢ አይባልም። በቀኝ ደግሞ ፍሬ ነገር አታኝክ ተብያለሁ። ስለዚህ በግራ፣ በዚያችው በምትነቃነቀው ጥርስ በኩል፣ አንድ አንድ ፍሬ እያደረግሁ አኘክሁ።

«ምነው እንደ ሙሽራ ትቅለሰለሳለህ?» አሉ አክስቴ።

«ጥርሴን እየታከምኩ ነው፣ እታባ። ነገም ቀጠሮ አለኝ። ጠዋት ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ።»

በአጠገባችን የነበሩት ዞረው አዩኝ።

«ምን አለ?» አሉ አክስቴ ወደ ሰው ዞረው። «ሰማችሁ? እህቱን አፈር አልብሶ ጥርስ ሊታጠብ! ለማን ሊስቅበት ነው?»

የአንድ ለአምስታችን መሪ የሆነው ጎረቤት ጉሮሮውን ጠራረገ። በስብሰባ ላይ እንደሚናገረው አድርጎ «ሣልስቷ እኮ አርብ ነው» አለ። «ከሐዘን ቤት ወንድም ተነሥቶ ሄደ ሲባል ለመንደሩም ጥሩ አይደለም። ለቀስተኛ ቢመጣ ማን ይነሣለታል?»

«አባባ አሉ» አልኩ። «ማታ እመለሳለሁ። ለአርቡ እደርሳለሁ።»

«አይሄድም!» አሉ አክስቴ።

«እሄዳለሁ፣ እታባ።»

በዚህ ጊዜ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። አባታችን ከዳር ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። ወደ እኔ አልዞሩም፤ እንዳይናገሩም ፈራሁ። እሳቸው አትሂድ ቢሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበርና።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ውሃ ለብ አድርጌ ጨው ጨመርኩና ከቤታችን ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር ሄጄ ተጉመጠመጥሁ። ስተፋው ቀለሙ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። እሷ በገዛችልኝ ብሩሽ ቀስ ብዬ ቦረሽሁ። ቀዝቃዛው አየር ቀኝ ጥርሴን ቆረጠመው፤ እንደተባለው ነው፣ አልደነገጥሁም።

አባታችን የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ከማእዘኑ ዞረው መጡ።

«ክፈት» አሉኝ።

ይህን ቃል ከእሷ በኋላ ከእሳቸው ስሰማው ብሩሹን ጨበጥኩ። ከፈትኩ። ወደ ንጋቱ ብርሃን አዞሩኝና ቀኙን አዩ፣ ግራውን አዩ። ድንጋይ ያሻከረው ጣታቸውን አስገብተው የታጠቡትን ጥርሶች ገፋ ገፋ አደረጓቸው። ግድግዳ ሲሞክሩ እንደሚያደርጉት ነው።

«ያ ቢጫው የለም።»

«ተነሥቷል፣ አባባ።»

«ጥርሱ ግን ቆሟል።»

«ቆሟል።»

 ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቤታችን ግድግዳ ሄደ። ድንጋዮቹ መሃል ሣር በቅሎ ነበር። አንዱን ጨብጠው ሳቡት። ሥሩ ረጅም ሆኖ፣ ከሚታየው ሣር ይልቅ ረዝሞ፣ ከግድግዳው ውስጥ ወጣ።

«ጭቃ ነው ብዬ ነበር» አሉ ሥሩን እያዩ። «ጭቃ አይደለም። ይኼ ነው። ይኼ ድንጋዩን እየገፋ ነው ግድግዳ የሚጥለው። እሷ ስትነግረኝ...» አልጨረሱትም። ሣሩን ጣሉትና እጃቸውን አራገፉ። «በል ሂድ። ግማሹን ነቅሎ ግማሹን የሚተው ግንበኛ የለም።»

«እታባስ?»

«አክስትህን ለእኔ ተዋት። እሷን ሃምሳ ዓመት ስችላት ኖሬያለሁ።»

ሞላሌ ወርጄ የጠዋቱን መኪና ያዝኩ።  ደብረ ብርሃን ስንገባ እሷ የተሻገረችበትን መንገድ ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስንቃረብ ግን ገለጥሁት። መንገድ ነው። ሰው ይሻገራል።

ክሊኒኩ ስገባ ያቺ የጥግ ወንበር ባዶ ነበረች። ረዳቷ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችልኝ። ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ ፈገግ አለ።

«ሳትቀር መጣህ። እህትህስ ዛሬ?»

እውነቱን ከተናገርኩ ከዚያ ወንበር ላይ እንደምነሣ አውቅ ነበር። በሌላ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩት። «ግራው ነው የቀረው።»

መብራቱን አወረደው። የወንበሩን ክንድ ያዝኩና አፌን ከፈትኩ።